ፓናምቢን ምንም እንዳትጠይቋት

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ደርሶብኛል። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፤ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ካአሳፓ፣ ፓራጓይ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት... ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ የሚተኛበት ቀትር።

ሥራዬ ድምፅና ጽሑፍ ማጣመር ነው። የትምህርት ቤት ልጆች በቋንቋችን በጓራኒ ዓረፍተ ነገሮች ያነባሉ፣ እኔ እቀዳለሁ። ከዚያ ኮምፒውተር ቋንቋውን እንዲማርበት እያንዳንዱን ድምፅ ከጽሑፉ ጎን አስቀምጣለሁ።

የቀዳኋቸው በቀትር ነው። ሞተር ብስክሌት የለ፣ ወሬኛ የለ... እንዲህ ጸጥ ያለ ሰዓት ሌላ አይገኝም። የሰባት ዓመቷን ልጄን ፓናምቢንም እዚሁ ቤት፣ በዚሁ ሰዓት ቀዳኋት።

እናቴ ኤስታኒስላ አልወደደችውም።

"በዚህ ሰዓት ልጅ አይነቃም" አለችኝ በሹክሹክታ፣ በረዶ ያለበትን የቅጠል መጠጥ፣ ተሬሬዋን፣ እየመጠጠች። "ጃሲ ጃቴሬ፣ ያ የቀትር መንፈስ፣ በፉጨት ጠርቶ ይወስዳታል።"

"እማ፣ እኔንም በሱ ነው ስታስፈራሪኝ የኖርሽው።"

"አንቺማ ትተኚ ነበር።"

ሳቅኩባት።

በማግስቱ ሥራዬን ስከፍት የሌሎቹ ልጆች ልክ ነው። የፓናምቢ ግን በአንድ ተንሸራቷል። "ስሜ ፓናምቢ ነው" ከሚለው ጽሑፍ ጎን ድምጿ የለም። "እናቴን እወዳለሁ" ከሚለው ጎን ደግሞ "ስሜ ፓናምቢ ነው" ትላለች... እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው።

ምክንያቱን አገኘሁት። ከሁሉም በፊት አንድ ትርፍ ቅጂ ገብቷል።

ከፈትኩት።

ፉጨት ነበር... ቀጭን፣ ረጅም። ማይክሮፎኑ ላይ አፉን ለጥፎ ያፏጨ ሰው ይመስላል።

ፓናምቢ ማፏጨት አትችልም። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም።

ደመሰስኩት። ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሲነጋ ግን ፉጨቱ እዚያው ነበር። እንደገና ደመሰስኩት... እንደገና ተመለሰ። አለቃዬ ሲክስቶ ጋ ደወልኩ።

"ኮምፒውተርሽን ፀሐይ መትቶት ይሆናል" ብሎ ቀለደብኝ። "ከሥሩ አጥፊና ተገላገይ።"

ከሥሩ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ደስ አለኝ... እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ ፓናምቢ ከአልጋዋ ተነስታ መጣች።

"ተኝተሽ ነበር እንዴ፣ የኔ ቆንጆ?"

ከንፈሯን አሞጠሞጠች። ፉጨት ወጣ... ቀጭን፣ ረጅም።

ጎንበስ ብዬ አየኋት።

"ራበሽ?"

"አዎ፣ ተኝቼ ነበር" አለች።

"ማነው ማፏጨት ያስተማረሽ?"

"አልራበኝም።"

ይህን መንሸራተት አውቀዋለሁ... ስጠግን የሰነበትኩት እሱኑ ነው። ከፋይሉ አውጥቼ የጣልኩት ልጄ ውስጥ ገብቷል። ፋይል ቢሆን አንድ መስመር ሰርዤ አስተካክለው ነበር። ልጄን እንዴት አድርጌ ላስተካክላት?

ማን እንዳስተማራት የሚነግረኝ መልስ ደግሞ ገና አልወጣም። ሌላ ጥያቄ እየጠበቀ ምላሷ ላይ ተቀምጧል።

"እንዳትጠይቂያት" አልኳት እናቴን በጆሮዋ። "ምንም። እንዴት አደርሽ እንኳ እንዳትያት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ጥያቄ የለም። "ብይ" እንላታለን፣ "ነይ"፣ "ተኚ"። ጎረቤት ገብቶ እንዳይጠይቃት በሩን ቆልፈናል። እያለቀስኩ ጸጉሯን አበጥራለሁ፤ እሷ ዝም ብላ ታየኛለች።

ትናንት በቀትር እኔና እናቴ ሳሎን ነበርን። ፓናምቢ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ተኝታለች። ቤቱ ጭር ብሏል። ማንም ምንም አልጠየቃትም።

ድምጿ ከጓዳ መጣ... ጥርት ብሎ።

"ይሄ አሁን የሚጠይቀኝ ነዋ ያስተማረኝ" አለች።