የሚነክሰው ፔዳል

ወሰንየለሽ ይሥሐቅን መጀመሪያ ያየችው ቆሞ ሲወድቅ ነው።

ጊዜው ሚሌኒየሙ የተከበረበት ዓመት፣ ወሩም ጥቅምት ነበር። ወሰንየለሽ በዘመሮ የእንስሳት ክሊኒክ ከተቀጠረች ገና ዓመቷ ነው። በዚያ ሰሞን የበግ ፈንጣጣ ገባ ተብሎ የአካባቢው ገበሬ በጎቹን እየነዳ ከከተማው መውጫ ካለው ሜዳ ይሰበሰባል፤ እሷም ጋዋኗን በሹራቧ ላይ ደርባ ከማለዳ ጀምሮ ትከትባለች። ውርጩ ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጣት ያደነዝዛል።

አንዱ መንጋ ደንብሮ መንገዱን ሞላው። ያን ጊዜ ከዳገቱ ሥር አንድ ቀይ ብስክሌት ብቅ አለ። ነጂው ፍሬን ያዘ፤ ብስክሌቱም በጎቹ መሐል ቀስ ብሎ ቆመ። አሁን እግሩን አውርዶ መሬት ይረግጣል ብላ ስትጠብቅ፣ ሰውየው ጉልበቱን ሁለቴ አወራጨና ከነብስክሌቱ በጎኑ ከመንገዱ ዳር ያለው ረግረግ ላይ ጋደም አለ። በጎቹ እየዘለሉ አለፉት።

ገበሬዎቹ ሳቁ። የእሷም ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ፊቱን አየችው። ግራ ትከሻውን በቀኝ እጁ ጨብጦ ዓይኑን ጨፍኗል። መርፌዋን አስቀምጣ ሮጠች።

«ተጎዳህ እንዴ?»

«ቆይ... አይ፣ ደህና ነኝ። እግሬን ብቻ አላቅቂልኝ።»

«ምን ይዞት ነው?»

«ፔዳሉ።»

ጎንበስ ብላ አየች። ከጫማው ሥር አንዲት ብረት አለች፤ ፔዳሉ ያችን ብረት ነክሶ ይዟታል። ብትጎትተው እምቢ አላት።

«አትጎትቺው» አለ በዝግታ። «ተረከዜን ወደ ውጭ ጠምዝዢው።»

በሁለት እጇ ተረከዙን ይዛ ጠመዘዘችው። ቀጭ አለና ለቀቀ። እሱም ዓይኑን ገልጦ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። የምትለውን ስትፈልግ ጭቃውን ከእጅጌው ላይ መጥረግ ጀመረች፤ ወዲያው ሰው እንደሚያያት ትዝ ብሏት እጇን ሰበሰበች።

«ሰው እግሩን ለምን እንዲህ ላለ ነገር ይሰጣል?» አለችው።

«ዳገት ላይ ስትረግጪም ስትስቢም ይሠራልሻል። የለመደው ሰው እንደ ነፋስ ነው የሚወጣው።» ከዚያ ፈገግ አለ። «እኔ ነኝ ያልለመድኩት።»

ይሥሐቅ ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ እናቱ ግን የዘመሮ ልጅ ነበሩ። ለአንድ ክለብ ለዓመታት ሲወዳደር እግሩን ከፔዳል ጋር በጠፍር እያሰረ ነበር የሚነዳው። በኋላ አዲስ አሠልጣኝ መጡና ለሁሉም ይህንኑ ፔዳል አስገጠሙ። ጓደኞቹ ቶሎ ለመዱት። እሱ መብራት ይዞት ሲቆም እግሩን ማውጣት አቅቶት ወደቀ፤ የትከሻውም አጥንት ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፣ ፍርሃቱ ግን አብሮት ቀረ። ጥር ላይ ለምዶት ካልተመለሰ ቦታውን ሌላ ሰው እንደሚይዘው ነገሩት። ከጓደኞቹ ዓይን ርቆ፣ የደጋውም አየር ለሳንባዬ ይበጃል ብሎ፣ አክስቱ እትዬ ጠጄ ቤት የመጣው ለዚህ ነው።

በማግስቱ፣ ሥራ ሊያልቅ ሲል፣ ብስክሌቱን እየገፋ ክሊኒኩ ድረስ መጣ።

«ኮርቻውን የሚይዝልኝ ሰው ፈልጌ ነበር» አለ። «ትናንት በግ አያያዝሽን አይቻለሁ። እኔንም አትጥዪኝም።»

«በግ ከለቀቁት ይሄዳል። አንተ ከለቀቁህ ትወድቃለህ።»

«እንግዲያው አትልቀቂኝ።»

ከክሊኒኩ ጀርባ በድንጋይ ካብ የታጠረ የሣር ሜዳ አለ። እዚያ ጀመሩ። እሱ በአንድ እጁ ካቡን ተደግፎ ይወጣል፤ እሷ ኮርቻውን ይዛ አብራው ትራመዳለች። ጫማው ቀጭ ብሎ ይገባል። ማስገባቱ ቀላል ነበር። ማውጣቱ ላይ ግን አንገቱን አቀርቅሮ እግሩ ላይ ያፈጥጣል፤ መላ አካሉ ይደርቃል፤ ብስክሌቱም ወደ ግራ ያዘነብላል። እሷ በትከሻዋ ደግፋ ታቆመዋለች። የላቡ ሙቀት በሹራቧ አልፎ ይሰማታል።

አንድ ቀን፣ ሲወድቅ ሲነሣ ከዋለ በኋላ፣ እንዲህ አለችው፦ «እግርህን አትየው።»

«ታዲያ ምን ልይ?»

«ፊት ለፊትህን። እዚያ ሄጄ እቆማለሁ፤ እኔን እያየህ ና። ስትደርስ አውጣው።»

«ኮርቻውን ማን ይይዛል?»

«ማንም።»

ሜዳው ዳር ሄዳ ቆመች። ነፋሱ ነጠላዋን ያውለበልበዋል። ይሥሐቅ ዓይኑን ከዓይኗ ላይ ሳያነሣ መጣ፤ በጣም ቀርቧት ቆመ፤ ተረከዙን ወደ ውጭ ገፋ አደረገ። ቀጭ። እግሩ ሣሩን ረገጠ። የፊት ጎማው ቀሚሷን ነክቶ ቆሟል። ወደ ኋላ መሸሽ ነበረባት፤ አልሸሸችም።

ከዚያ ወዲህ መውደቅ ቀነሰ፤ እሱ ግን መምጣቱን አላቆመም። እሷም ለምን ትመጣለህ አላለችውም። ገብስ የሚያጭዱት ሰዎች ከማሳው ቀና ብለው ያዩዋቸዋል። ጠዋት ጠዋት እስከ ጓሳ አፋፍ ይነዳና አመሻሽ ላይ ያየውን ይነግራታል፤ እሷ ልጅ ሳለች ጀምሮ የምታውቀውን አገር ከእሱ አፍ ስትሰማው አዲስ ይሆንባታል።

«አንቺም ሞክሪው» አላት ኅዳር መጨረሻ ላይ።

ጫማው ሰፋት። ከክሊኒኩ ያልተፈተለ የበግ ፀጉር አምጥተው ጠቀጠቁበት። ጎንበስ ብሎ ሲያስርላት ጭንቅላቱን ከላይ ሆና አየችው፤ እጇን ጠጉሩ ላይ ብታሳርፍ ምን እንደሚሆን አሰበች፤ አላሳረፈችም። ከጋዋኗ ሥር ሱሪ ለብሳለች። ወጣች። አንዱ ጫማ ገባ፤ ሌላውም ገባ። እሱ ኮርቻውን ይዞ ሮጠ፤ ከዚያ እንደለቀቃት ያወቀችው ድምፁን ከሩቅ ስትሰማ ነው። ሳቀች። እናቷ ካረፉ ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ዞራ ስትመለስ ይሥሐቅ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት፤ ለአፍታም ክንዱ ውስጥ ቆየች።

ቀና ስትል ከካቡ ወዲያ አባቷን አየች። መሪጌታ ገብረየሱስ ከሠርክ ጸሎት ሲመለሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወዲያው ፊታቸውን አዙረው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ራት ከተበላ በኋላ ነው የተናገሩት። አልተቆጡም።

«ወሰኔ፣ ዲያቆን ዳኜ ቅስና ሊቀበል ነው። ደብሩ ካህን አጥሮታል፤ ያለ ሚስት ደግሞ ቅስና የለም። ሲጠይቀኝ ቆይቷል። ዛሬ ቃሌን ሰጥቼዋለሁ። ከጥምቀት በኋላ ይሆናል።»

ወሰንየለሽ ገበታውን አነሣች። አባቷም መልስ አልጠበቁም።

ወሬው በማግስቱ እትዬ ጠጄ ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም ያለ ክፋት ለእህታቸው ልጅ ነገሩት። «የመሪጌታ ልጅ ለዳኜ ታጨች። ደግ ልጅ ነው፤ ታድላለች» አሉት። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ወሰንየለሽ ከክሊኒኩ ጀርባ ቆማ ጠበቀች። ፀሐይ ገባች። ይሥሐቅ አልመጣም። ጠዋት እትዬ ጠጄ ቤት ስትደርስ በማለዳው አውቶቡስ ሄዷል።

«ምንም አላለም?»

«ምን ይበል ልጄ? ትከሻዬ ዳነ፣ ልመለስ አለ፤ ብስክሌቱን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስጫነ፤ ሄደ።»

እንግዲህ ለእሱ ከኮርቻ ያዥ በላይ አልነበርኩም፣ ብላ አሰበች። እንዲያ እያሰበችም ቢሆን በሌላ ሰው እጅ መግባት አልቻለችም። ከሰንበት በኋላ ዳኜን ፈልጋ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ከጽዱ ሥር አገኘችው። ዳኜ ዝምተኛ፣ ሰው የሚወደው ዲያቆን ነው።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት» አለችው።

«ስለ ብስክሌተኛው ነው?»

«ስለ እሱ ነው። ሄዷል፤ ይመለሳል ብዬም አልጠብቅም። ግን ልቤ እሱ ዘንድ ነው። ይህን ሳታውቅ አብረኸኝ ለተክሊል እንድትቆም አልፈለግኩም።»

ዳኜ የጽዱን ቅርፊት በጣቱ ይልጥ ጀመር። ፊቱ ላይ ሐዘን አየችበት፤ ይወዳት እንደነበረም ያን ጊዜ ገባት።

«ከባድ ነገር ነው የነገርሽኝ» አለ በመጨረሻ። «ቢሆንም ነገርሽኝ። ለመሪጌታ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንቺ አትንገሪያቸው።»

ነገራቸው። ፈቃዷ የሌለበትን ጋብቻ ይዤ መቅደስ አልገባም አላቸው። መሪጌታ ቃላቸው ከመሬት ወድቆ አያውቅም ነበርና አንገታቸውን ደፉ። ለልጃቸውም አንደበታቸውን ዘጉባት። ውኃ ስጪኝ፣ በሩን ዝጊ ከማለት በቀር ወሰኔ ብለው መጥራት ተዉ። ዳኜ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቀየት ከሚባል አገር አንዲት ልጅ አገባ፤ ቅስናውንም ተቀበለ።

ወሰንየለሽ ሥራዋን ያዘች። በልግ መጣ፣ ክረምት መጣ፤ ጉሙ ዘመሮን ሲሸፍናት የሰው ድምፅ እንጂ ሰው አይታይም። በዚያ ጉም ውስጥ የብስክሌት ካቴና ድምፅ የሰማች ይመስላትና ትቆማለች፤ ሴቶች ደጃፍ ላይ የበግ ፀጉር ሲፈትሉ የእንዝርቱ ድምፅ ይሆናል። ከክሊኒኩ ጀርባ ወዳለው ሜዳ መሄድ አቁማ ነበር። አንዳንድ ቀን ግን እግሯ ሳታዝዘው ይወስዳታል። ሣሩ ላይ የጎማ ዱካ የለም። ካቡን በእጇ እየዳሰሰች ዳር እስከ ዳር ትሄድና ትመለሳለች። እትዬ ጠጄን ባገኘች ቁጥር ልትጠይቅ ትልና ስለ ላማቸው ጠይቃ ታልፋለች። አንድ ቀን ራሳቸው አነሡት። «ያ ልጅ ድምፁን አጠፋ» አሉ። «ምን እንዳስቀየምኩት አላውቅም።»

ዓመት አልፎ እንደገና ታኅሣሥ ሲሆን እኚሁ ሴትዮ ክሊኒክ ድረስ እያለከለኩ መጡ። ሬዲዮ ሰምተዋል። እሑድ ደብረ ብርሃን ላይ የብስክሌት ውድድር አለ፤ ከተወዳዳሪዎቹ መሐል የይሥሐቅ ስም ተጠርቷል።

ወሰንየለሽ በዚያው ሳምንት ክትባት ለማምጣት ደብረ ብርሃን መሄድ ነበረባት። እንዲያም ባይሆን ትሄድ ነበር።

እሑድ፣ መጨረሻው መስመር አጠገብ፣ ሕዝብ መሐል ቆመች። ብስክሌቶቹ እንደ ንብ መንጋ እየጮሁ አለፉ። የትኛው እንደሆነ እንኳ መለየት አልቻለችም፤ ሦስተኛ የወጣው እሱ መሆኑን ያወቀችው በድምፅ ማጉያ ሲነገር ነው። ሰው ሲቀልል፣ ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ አየችው። እሱም አያት። ንግግሩ አፉ ላይ ቀረ። ብስክሌቱን እየገፋ መጣ፤ ቀርቦም አልቀረበም።

«ወሰንየለሽ። ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ጎንበስ ብሎ መሪውን አየ። «ዳኜ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ቅስና ተቀበለ።»

«እንኳን ደስ አላችሁ።»

«ደስታውስ የሚስቱ ነው። የቀየት ልጅ ናት፤ እርጉዝ ናት አሉ።»

ይሥሐቅ ቀና አለ። በአጠገባቸው ሰው እየተጋፋ ያልፋል።

«አክስቴ መታጨትሽን ነገረችኝ» አለ። «አባትሽ ቃል ሰጡ አለችኝ። እኔ ምን ብዬ ልቁም? ደህና ሁኚ ልልሽ ብመጣ መሄድ እንደማልችል አውቄው ነበር።»

«ብትመጣ ኖሮ ትሰማ ነበር። አባቴ ነው ቃል የሰጠው፤ እኔ አልሰጠሁም።»

«ዓመት ሙሉ...» አለና ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ሲገልጠው ዓይኑ ቀልቷል። «ወሰንየለሽ፣ ማክሰኞ ለሥልጠና ወደ ውጭ አገር ይወስዱናል። ዓመት ይፈጃል። ካልሽኝ እቀራለሁ።»

«እዚሁ ቅር» የሚል ቃል በውስጧ አለፈ። ቅር ብትለው እንደሚቀር ከፊቱ አየች። በዚያች ቅጽበት እጁን መያዝ፣ አትሂድ ማለት ከምንም በላይ አማራት። እጁን ያዘችው።

«ሂድ» አለችው። «ግን ሽማግሌ ልከህ ሂድ።»

ያን ቀን ይሥሐቅ ለአክስቱ ስልክ ደወለ። ማክሰኞ ማለዳ እትዬ ጠጄ ጎረቤታቸውን አቶ አስፋውን ከሌሎች ሁለት አዛውንቶች ጋር አስከትለው የመሪጌታ ገብረየሱስን ደጅ ረገጡ። ወሰንየለሽ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ሽማግሌዎቹ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው፣ እንደቆሙ ጉዳያቸውን ተናገሩ።

«ልጁ አሁን የት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ዛሬ ይሄዳል» አሉ አቶ አስፋው። «ዓመት ይቆያል። መመለሱን እኛ ዋስ እንሆናለን።»

«መንገድ ላይ ላለ ሰው ልጄን ስጡ ነው የምትሉኝ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው፣ ዓመት ሙሉ ባልጠሩት ስም ተጣሩ።

«ወሰኔ።»

ወጥታ በራፉ ላይ ቆመች።

«የመጡበትን ሰምተሻል። ዓመት ረጅም ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

በዚህ ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ይሆናል ብላ አሰበች። አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ያለፈውን ዓመት ያለ ተስፋ ጠብቄዋለሁ አባባ። ይኸኛው አይከብደኝም።»

መሪጌታ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫውን በእጃቸው አመለከቱ።

«እንግዲህ ከእሷ ሰምታችኋል» አሉ። «ቁጭ በሉ።»