የዘለለችው ቁጥር

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ነስሩ እንዲህ ባለ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ሰፈሩ ስለ ጅን ሲያወራ ከት ብዬ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ «አንድ ቀን አፍህን ይዘህ ትቀራለህ» እያለች ስንት ጊዜ ተቆጥታኛለች። ቡታጅራ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ፣ ደርግ ወድቆ ንግዱ ፈታ ሲል የከፈትኳት ናት፣ ውሎዬ ከብረትና ከቀለም ጋር ነው፣ ብረት ደግሞ አይዋሽም፣ የሰጡትን ያትማል። የዛሬ ሦስት ሳምንቱ ዓርብ እስኪመጣ ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ሥራውን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ፣ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ሕትመት ሁሉ አንድ አይደለም። ቲሸርቱ፣ የትምህርት ቤት ማሊያው፣ የጨርቅ ማስታወቂያው በስክሪን ነው የሚሠራው፣ በእንጨት ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ቀለሙን በጎማ እየገፉ ማሳለፍ ነው፣ የተማሪ ፈተና በማባዣ ይባዛል፣ ባለቀለም ካላንደርና መጽሐፍ የኦፍሴት ሥራ ነው፣ እሱን ተቀብዬ አዲስ አበባ እልካለሁ፣ ኦፍሴት ልግዛ ብል እኔ ራሴ ብሸጥ አልበቃም። ቁጥር ያለበት ነገር ሁሉ ግን፣ ደረሰኝ በሉት፣ ትኬት በሉት፣ የዕድር ካርድ በሉት፣ የእኔዋ የአሮጊቷ ሌተርፕሬስ ነው፣ በእግር የምትረገጥ፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የሌላት። እሷ ላይ ነምበሪንግ የምንላት ትንሽ የቁጥር መምቻ ብረት ትታሰራለች፣ ማሽኗ በተረገጠች ቁጥር ይህቺ ብረት «ቀጭ» ትልና ራሷ አንድ ትጨምራለች።

ማሽኗን የሸጠልኝ ጋሽ ተካ ነው፣ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ አርጅቶ ጡረታ ሲወጣ እንሴኖ የገባ ሰው፣ አንድ ወር ሙሉ አጠገቤ ቆሞ አሠልጥኖኛል። ከምክሩ ግማሹን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው ነበር የማስወጣው፣ አንዷን ግን ደጋግሞ ስላላት አልረሳኋትም። ቁጥር ከዘለለች ረገጣህን አቁም፣ ጥርሷን በወስፌ ወደኋላ መልስና የቀረውን ሙላ፣ ክፍተት አታሳድር ይለኝ ነበር። «በመዶሻ ግን እንዳትነካት» አለኝ አንድ ቀን ጣቱን ቀስሮ፣ «በግድ ላስወጣሃት ቁጥር ምትኳን ከሌላ ቦታ ትወስዳለች።» የብረቷን አመል መናገሩ መስሎኝ እሺ ብዬ አለፍኩት።

የሰፈራችንን የዕድር ካርድ በየዓመቱ የማትመው እኔ ነኝ። መቶ ሃያ ቤተሰብ ነን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ፣ መቃብሩ ይለያያል እንጂ ድንኳኑና ወንበሩ አንድ ነው። እያንዳንዱ ቤት የማትቀየር ቁጥር አለችው። የአባቴ 58 ናት፣ ካርዱ ግድግዳችን ላይ ይሰቀል ስለነበር ፊደል ሳልቆጥር በፊት የማውቃት ቁጥር ናት፣ እኔም ትዳር ስይዝ የራሴን ወሰድኩ፣ 93። በመጀመሪያው ዓመት 31 ዘለለች። ማን ያቆማል አልኩና የዕድሩ ጸሐፊ አቶ ግርማ በስክሪብቶ እንዲሞሏት ቁጥር ያልተመታበት ነጭ ካርድ ሰጠኋቸው። አቶ ግርማ ከጎጃም መጥተው እዚሁ ያረጁ አስተማሪ ናቸው፣ ሰው ማስቀየም አይወዱም፣ ጻፉልኝ። 31 የወይዘሮ አስካለ ነበረች፣ ወሩ ሳያልቅ አረፉ። በዓመቱ ደግሞ 74 ዘለለች፣ እሷም በስክሪብቶ ተሞላች፣ የበርበሬ ነጋዴው የሐጂ ሙዘይን ቁጥር ነበረች፣ እሳቸውንም ወሩ ሳያልቅ ቀበርናቸው። ከቀብሩ ስንመለስ አቶ ግርማ ክንዴን ይዘው ይህቺን ማሽንህን ባለሙያ አሳያት አሉኝ እየሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሁለቱም በዕድሜ የገፉ ነበሩ፣ ሰው ይሞታል፣ ምን ይገርማል።

እንግዲህ የዘንድሮው መጣ። ካርዱ ለእሁድ ስብሰባ መድረስ አለበት፣ ወረቀቱ ከአዲስ አበባ የደረሰኝ ሐሙስ ማታ ነው፣ ስለዚህ ጁምዓ ቀረሁ፣ አልዋሽም፣ ቀረሁ። ይህን የሰማ ሁሉ «በቃ፣ ለዚህ ነዋ!» ይለኛል፣ ይበለኝ። አባባ ወደ መስጊድ ሲያልፍ በበሩ አየኝና ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ መንገዱ ጭር አለ፣ ሰማዩ ለዝናብ ጠቁሯል፣ ከድምፅ ማጉያው የኢማሙ ኹጥባ፣ የጁምዓው ስብከት፣ ይሰማል። እኔ እረግጣለሁ፣ እሷ «ቀጭ» ትላለች፣ ሥራው ይሄዳል።

ሃምሳዎቹ ላይ ስደርስ ድምፁ ተቀየረብኝ። እንዴት ልበላችሁ፣ እግሬ ሳይረግጥ «ቀጭ» የምትል ሌላ ድምፅ ሰማሁ። የጣሪያው ቆርቆሮ መስሎኝ ቀና አልኩ፣ ምንም የለም። ረገጥኩ፣ 55። እግሬን አነሳሁ፣ ማሽኗም ቆመች፣ በቆመችበት «ቀጭ» አለች። ጎንበስ ብዬ አየኋት፣ ቁጥሯ ንቅንቅ አላለችም፣ 56 ላይ ናት። አይጥ ነው አልኩና ቀጠልኩ፣ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ብቻዬን ስለሆንኩ ልፈራ አልችልም። 56 ወጣች፣ 57 ወጣች። ቀጣዩን ካርድ ወደ ብርሃኑ ይዤ ሳየው 59 ይላል።

ወይዘሮ አስካለና ሐጂ ሙዘይን አንድ ላይ ፊቴ ድቅን አሉ። ሌላ ቁጥር ብትሆን እንደልማዴ አልፋት ነበር ይሆናል፣ ያሳፍራል ግን እውነቱ ይኸው ነው፣ 58ን ግን አልችልም፣ አባቴ ነው። ወስፌዬን አንስቼ ጥርሷን ወደ 58 መለስኩ፣ ካርድ አስገብቼ ረገጥኩ። ካርዱ ሲወጣ መስመሩ ሁሉ ታትሟል፣ የቁጥሩ ቦታ ነጭ ነው። ቀለም አንሷት ይሆናል ብዬ ብረቷን በጣቴ ነካሁ፣ ጣቴ ጠቆረ። ደግሜ ረገጥኩ፣ አሁንም ነጭ። ያኔ ሰላቱ ተጀምሮ ነበር፣ ኢማሙ ለሱጁድ፣ ግንባር መሬት ለሚነካበት ስግደት፣ «አላሁ አክበር» አለና ድምፅ ማጉያው ዝም አለ፣ ከተማው ሁሉ ዝም አለ፣ በዚያ ዝምታ መሃል፣ እግሬ መሬት ላይ ሆኖ፣ ያቺ ብረት «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» አለች፣ መጠበቅ የሰለቸው ሰው ጠረጴዛ በጣቱ እንደሚመታው።

ፈራሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ነምበሪንጓን ፈትቼ አወጣኋት፣ ቁጥሯን 58 ላይ አደረግኩ፣ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አንጥፌ እሷን ከላይ አስቀመጥኩና መዶሻ አነሳሁ። የጋሽ ተካ ጣት ዓይኔ ላይ ነበር፣ ረስቼው ነው ብዬ አላታልላችሁም፣ እያስታወስኩ ነው የመታሁት። አንዴ ብቻ። 58 ጥቁር ሆና፣ ጥርት ብላ ወጣች፣ ወረቀቱን ልትበሳው ትንሽ ነበር የቀራት።

ቁጥሯን 60 ላይ አድርጌ መልሼ አሰርኳትና የቀረውን ቀጠልኩ። እንደ በግ ገራም ሆነች፣ እኔም ቁጥሩን ማየት ትቼ ዝም ብዬ እየደረደርኩ እረግጣለሁ፣ ማየት አስጠልቶኛል። ቆጣሪዋ መቶ ሃያን አልፋ 121 ስታሳይ አቆምኩና ካርዶቹን ቆጠርኩ፣ 119። ደገምኩ፣ 119። ሁለቱ ነጮች ለብቻቸው ናቸው። አንዲት ቁጥር ጎድላለች፣ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ክምሩን ማገላበጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

አባባ የገባው ያኔ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ወንበር ሳቤ አስቀመጥኩት። «ሱጁድ ወርጄ መነሳት አቃተኝ» አለኝ። «የሆነ ነገር ማጅራቴን ተጫነኝ፣ በቃ አለቀልኝ ብዬ ሸሃዳዬን ያዝኩ። ከዚያ ወለሉን በመዶሻ እንደመቱት አንዴ ድው አለና ለቀቀኝ። አንተ እዚህ ሆነህ አልሰማህም?» አልሰማሁም አልኩት፣ መዶሻውን በእግሬ ከጠረጴዛው ሥር እየገፋሁ።

ክምሩን ሳላገላብጥ፣ ከሁለቱ ነጮች ጋር በክር አስሬ ለአቶ ግርማ ሰጠሁ። በእኛ ዕድር ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል፣ ሁሉም የራሱን ቁጥር ፈልጎ ያነሳል። እኔ እሁድ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ካርዴ የለም የሚል ሰው ይመጣል ብዬ ሰኞ ጠበቅሁ፣ ማክሰኞ ጠበቅሁ፣ ማንም አልመጣም። ረቡዕ አውቶቡስ ይዤ እንሴኖ ወረድኩ። ጋሽ ተካ ሁሉንም ካዳመጠኝ በኋላ «በምን መታሃት?» አለኝ።

«በመዶሻ።»

«የአንተስ ቁጥር ስንት ነው?»

ዘጠና ሦስት አልኩት። ወሬውን ከማሽኗ አዙሮ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ምሳ ካልበላህ አለኝ። ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ ከግቢው የማይወጣ ሰው አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝ፣ እስክንነሳም ቆሞ ያየኝ ነበር።

ትናንት አቶ ግርማ ማተሚያ ቤቴ ድረስ የታሸገ ፖስታ ይዘው መጡ። ሁሉም ወስዷል፣ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ፣ ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን እንዳለ ሰብስቤ አሽጌልሃለሁ አሉኝ። ከተረፈው ውስጥ የእኔ ቁጥር አለች ወይ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶታል። አባባ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው፣ ዛሬም ሲያልፍ ዱላውን አንስቶ ሰላም ብሎኛል፣ ያ ዓርብ ተመልሶ ቢመጣ አሁንም መዶሻውን አነሳለሁ፣ በዚህ አልጸጸትም። ፖስታው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሁለቱ ነጭ ካርዶች ውስጡ እንዳሉ አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ከላይ በአውራ ጣቴ ዳበስኩት፣ አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩና ሦስተኛ ትኑር አትኑር ሳልፈትሽ እጄን አነሳሁ።