የማውዋ ቅርፊት ያልነካቸው እጆች

ሱክራጅ ራይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ የተገኘው ቅርፊቱ ገና በተላጠ የማውዋ ዛፍ ሥር ነው። በዚያን ሰዓት መንደርተኛው በሙሉ ከታች፣ ወንዙ ዳር፣ ቅርፊት በእንጨት መዶሻ እየወቀጠ ነበር። ጭማቂው ውኃው ውስጥ ሲገባ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ መልቀም ነው።

መርማሪው ቢርማን ሲደርስ የሟች ጎረቤት ሃርካ ተጠርጥሮ ታስሮ ጠበቀው። የሟች እናት ፑርኒ መርማሪው እግር ላይ ወደቁ።

«ገዳዩን አውጣልኝ፣ ልጄ! ማንም ይሁን ማን!»

«አወጣዋለሁ፣ እማማ።»

ምነው ያኔ አፉን በያዘው!

«በእርሻ ድንበር ተጣልተናል፣ አልክድም» አለ ሃርካ። «ግን ስወቅጥ ነው ያረፈድኩት።»

«አንተ ደግሞ መቼ ሥራ ታውቅና!» አሉት አንድ ሽማግሌ።

ቢርማን የታሰሩትን እጆች አየ፤ እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል። ሬሳው አጠገብ የወደቀውን መዶሻ አነሣ። ጫፉ ደም ነክቶታል፤ እጀታው ግን አዲስ የተጠረበ ነጭ እንጨት ነው። የሟች ታናሽ ወንድም ላክማን እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ከትቶ ቁጢጥ ብሏል።

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ከሰው ጋር ስወቅጥ።»

ቢርማን ሁሉንም ወንዙ ዳር ሰበሰበ።

«እጃችሁን ዘርጉ። ማውዋ የነካው እጅ ሦስት ቀን ይጠቁራል፤ ሳሙናም አመድም አያስለቅቀውም። ያ እጅ የጨበጠው እንጨትም ይጠቁራል። ይኼ እጀታ ግን ነጭ ነው። የመታው ሰው ዛሬ ቅርፊት አልነካም ማለት ነው። ላክማን፣ እጅህን አውጣ።»

እጆቹ ወጡ። ንጹሕ ናቸው።

«ወንድሜ ፓስፖርቴን ደበቀብኝ!» አለ ላክማን። «ነገ ወደ ማሌዥያ ልበር ነበር። ‹እናታችንን ለማን ጥለህ?› አለኝ። አንዴ ነው የመታሁት፣ አንዴ ብቻ!»

ቢርማን ሃርካን አስፈታው። ያው ገመድ ወደ ላክማን ሲመጣ ፑርኒ ተፈተለኩ። ከተወቀጠው ቅርፊት አፍሰው የልጃቸውን መዳፍ ያሹ ጀመር።

«ይኸው ጠቁሯል! አጠገቤ ሲወቅጥ ነበር! እናንተ ሰዎች፣ አላያችሁትም እንዴ?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ሃርካ እንኳ ዞር ብሎ አለቀሰ።

«እማማ፣ ይልቀቁት» አለ ቢርማን። ምን ያድርግ?

«አንዱን ልቀብር ነው» አሉት፣ ማሸታቸውን ሳያቆሙ። «ይኼኛውን ተውልኝ።»