የአራቱ ፊርማና አንድ ድንጋይ

ጋሽ ባስልኤል ከደረጃው ግርጌ ተዘርረው የተገኙት ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። መነጽራቸው ከላይኛው እርከን ቀርቷል። አንዱ እግራቸው ጫማ አለው፣ ሌላው ባዶ ነው። ፖሊስ መጣ፣ ፎቶ አነሣ፣ «ሰባ አራት ዓመት፣ ቀጥ ያለ ደረጃ፤ ወድቀው ነው» ብሎ ጻፈ። እንግዲህ ሽማግሌ ወደቀ ሲባል ማን ይመራመራል? ፋይሉ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሰኞ ሊዘጋ ተቀጠረለት።

አስከሬኑን ያገኘችው ሃርነት ግን አላመነችም። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያላት፣ የሐበሾች ማኅበር ጸሐፊ የሆነች አስመራዊት ናት። እሑድ ማለዳ ዙሌይካ ጋ ደወለች።

«ዙሌይካ፣ ነይልኝ። እኒህ ሰው ዝም ብለው አልወደቁም።»

ዙሌይካ በአጎራባቿ ከተማ በኤመሪቪል ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ የሞት ፋይሎችን የምትመረምር ሴት ናት። ሥራዋ ሰው «አደጋ ነው» ያለውን ነገር ሁለተኛ ማየት ነው። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለች ታሪክ ያስተማሯት ጋሽ ባስልኤል ነበሩ። ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ብዙ ቆየች። ከአሥር ቀን በፊት ደውለውላት ነበርና። «ክፍሌን ሊወስዱብኝ ነው፤ ነይና አንድ ቃል ተናገሪልኝ» ብለዋት ነበር። እሷም «ጋሼ፣ ለሰላም ሲሉ ይተዉት። ክፍል አይጠፋም» ብላ ዘጋችው። ቢያንስ አሟሟታቸው በሐሰት እንዳይጻፍ አደርጋለሁ ብላ ተነሣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበሩ ፍሩትቬል ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ ቤት አለው። ጋሽ ባስልኤል ፎቁ ላይ አንዲት ክፍል ይኖሩና ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ታሪክ ያስተምሩ ነበር። የዘንድሮው ትምህርታቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩት ዓመታት ናቸው፤ ጀርመን እንዴት እየቆረሰች እንደበላችና ጎረቤቶቿ እንዴት «ይሄን ብቻ ወስዳ ትረጋለች» እያሉ እንዳጎረሷት። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ይሉ ነበር ሲያስተምሩ። «እኛን ጄኔቭ ላይ ሲተዉን የለመዱትን ነው ሙኒክ ላይ የደገሙት።»

ዙሌይካ ከሃርነት ጋር ወደ ጋሽ ባስልኤል ክፍል ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ የገባው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአውሮፓ ካርታ ነው። በየቦታው ቀይ መርፌ ተሰክቶ ከሥሩ በጋሽ ባስልኤል የእጅ ጽሑፍ ሁለት ሁለት ካርድ ተንጠልጥሏል።

«1936፣ ራይንላንድ። ማንም አልተነሣም» ይላል አንዱ። ከጎኑ ያለው «ፓርኪንጉ። ማንም አልተነሣም» ይላል።

«1938፣ ኦስትሪያ» ከሚለው ጎን «ምድር ቤቱ» ተጽፏል።

ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ «ሙኒክ። አራቱ ፈረሙ፤ የአገሩ ባለቤቶች ሆቴል ሆነው ይጠብቁ ነበር።» ከጎኑ፣ «ክፍሌ። አራቱ ፈረሙ፤ እኔ ደጅ ነበርኩ።»

«ይኼ ብሩኪ ነው» አለች ሃርነት ፊቷን እያዞረች። «ወደ አገር ቤት ካርጎ የሚልከው። መጀመሪያ ፓርኪንጉን ለመኪናው አለ። ከዚያ ምድር ቤቱን ለካርቶኖቹ። አሁን ደግሞ ይህን ክፍል። እምቢ ካላችሁ ደጋፊዎቼን ይዤ ማኅበሩን ለሁለት እከፍላለሁ ይላል። እኛም እየፈራን ሰጠን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ።»

«አራቱ እነማን ናቸው?»

«ብሩኪ፣ ሊቀመንበሩ ጋሽ ክንፉ፣ የትራክ ሾፌሩ ኣቡበከር።» ወደ ካርዱ ዞረችና፣ «አራተኛዋ እኔ ነኝ» አለች። ዕንባዋ መጣ።

ከካርታው ዳር አንድ ብቸኛ ካርድ ነበር። «1924፣ ፈረንሳይ ለቼኮዝሎቫኪያ ቃል ገባች» ይላል። ከጎኑ መርፌ አለ፤ መርፌው ላይ ግን የተቀደደ የወረቀት ጥግ ብቻ ነው የቀረው።

ዙሌይካ ጎንበስ አለች። ከጋሽ ባስልኤል ወንበር ፊት ለፊት ወለሉ ላይ የዳቦ ያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል።

«ይኼ ምንድነው?»

«ፖሊሶቹ የበር ማስደገፊያ ነው አሉ።»

ዙሌይካ በሩን ገፋ አደረገችው። ማጠፊያው ጥብቅ ነውና ያለ ምንም ማስደገፊያ ተከፍቶ ቆመ። ድንጋዩን ገልብጣ አየችው፤ ደም የለበትም። ከሥሩ ግን የአትክልት መደብ ላይ የሚበተነው ዓይነት ቀይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተጣብቆበታል። የማኅበሩ ግቢ ደግሞ ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው።

«ቅዳሜ ምን ሊያስተምሩ ነበር?»

«ሙኒክን። በግሩፕ ቻታችንም ዓርብ ማታ "ነገ የአንድ ወዳጅ ቃል ኪዳን አነብላችኋለሁ" ብለው ጽፈው ነበር። የማን እንደሆነ አላወቅንም።»

«አንቺስ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው?» ሃርነት ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነሽ፣ ጠይቂኝ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚህ መጥቼ እስካገኛቸው ድረስ ሱቅ ነበርኩ፤ ደንበኞቼ ይናገሩ።» ተናገሩም።

ብሩኪን ያገኘችው ምድር ቤት፣ ጣሪያ በነኩ ካርቶኖች መሐል ነው። እጁ ላይ ሜትር ይዟል።

«ዙልዬ! እኔን ልትጠረጥሪ ነው የመጣሽው አይደል? ሁሉም ሳይን አድርገዋል እኮ። ሰጡኝ፣ ወሰድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከኣቡበከር ጋር ወደብ ነበርኩ፤ ቼክ አድርጊ።»

«ሜትሩ ለምንድነው?»

«ላይኛውን ክፍል ልለካ።»

«ገና አልተቀበሩም እኮ ብሩኪ!»

«ነፍስ ይማር ብያለሁ። ቢዝነስ ደግሞ አይቆምም።»

ዙሌይካ ቁጣዋን ውጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረች። «ሰው ይቅርታ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ብሩኪ ከልቡ ሳቀ። «ለምኑ?»

ኣቡበከርን ኦክላንድ ወደብ፣ ኮንቴይነር ለማንሣት በተደረደሩት ትራኮች መካከል አገኘችው። ጋቢና ውስጥ አስገባት። ቅዳሜ ከአንድ ሰዓት እስከ አራት ተኩል ከብሩኪ ጋር ሰልፍ ላይ እንደነበሩ የወደቡ በር ማኅተም ያለበትን ወረቀት አሳያት።

«አዎ ፈርሜያለሁ እህቴ። የምጭነው የብሩኪን ዕቃ ነው፤ እምቢ ብል ልጆቼን ምን አበላለሁ? አላህ ይቅር ይበለኝ።» መሪውን በመዳፉ መታው። «ጋሼ ግን አልፈሩም ነበር። "እኔ የተማመንኩበት ሰው አለ፣ ቃሉን በጽሑፍ ሰጥቶኛል" ይሉኝ ነበር። ማን ነው ብላቸው፣ "አታሳፍረው፣ ራሱ ይነሣል" አሉኝ። የሚነሣላቸው ሰው ግን ጠፋ።»

ማክሰኞ ዙሌይካ የአንድ ሰዓት መንገድ ነድታ ሳን ሆዜ ወረደች። ሊቀመንበሩ አቶ ክንፉ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ከጋሽ ባስልኤል ጋር የአርባ ዓመት ወዳጅ። ሙቀቱ ድንጋይ ይሰነጥቃል። አቶ ክንፉ ግን አንገታቸውን በወፍራም ሻርፕ ጠምጥመዋል።

«አሞዎታል እንዴ ጋሼ?»

«ብርድ ነው።»

«ምን ብርድ አለ በዚህ ሐሩር?» አሉ ሚስታቸው ወይዘሮ መሠረት ሐብሐብ እያቀረቡ። «ከቅዳሜ ጀምሮ ማጅራቴን አሉ፤ ልያቸው ብል እምቢ። እህልም አይቀምሱ። ወንድማቸውን ነው ያጡት እኮ ልጄ» ብለው ወደ ጓዳ ተመለሱ።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበሩ ጋሼ?»

«እዚሁ። ሃርነት "ታመዋል፣ ቶሎ ይምጡ" ብላ ስትደውል ከዚህ ተነሥቼ ሄድኩ።» ዓይናቸው ከሐብሐቡ አልተነሣም። «መርዶ መሆኑ ገብቶኝ ነበር።»

ስትወጣ የጽጌረዳውን መደብ አየችው። ዙሪያውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርድሮበት ቀይ ፍቅፋቂ ለብሷል። ከድንጋዮቹ መካከል አንዱ የለም፤ ቦታው እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ነው። ዙሌይካ በስልኳ ፎቶ አነሣችው። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ወዲያው መንዳት አቃታት፤ እኒህን ሰውዬ ትወዳቸው ነበር።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ በትምህርቱ ሰዓት፣ አራቱም ፈራሚዎች በጋሽ ባስልኤል ክፍል ተሰበሰቡ። ወይዘሮ መሠረትም ባላቸውን ተከትለው መጥተዋል። ፋይሉን የያዘው ፖሊስ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሃርነት ጆሮው ሥር ታስተረጉምለታለች። ድንጋዩ እዚያው ወንበሩ ፊት ነው።

ዙሌይካ ካርታው ሥር ቆመች።

«ጋሼ ሞታቸውን አልጠበቁም፤ ግን ማስረጃውን ሰቅለውልን ሄደዋል። እያንዳንዱ የአውሮፓ ታሪክ ከጎኑ የዚህ ቤት ታሪክ አለው። አንዱ ብቻ ጥንዱ ተቀዷል፤ የፈረንሳይ። ፈረንሳይ የቼኮዝሎቫኪያ ጠላት አልነበረችም። ቃል የገባች ወዳጅ ነበረች። ሙኒክ ላይ ግን ቼኮዝሎቫኪያ ተቆርሳ ለጀርመን እንድትሰጥ ከሌሎቹ ጋር ፈረመች። ስለዚህ ያንን ወረቀት የቀደደው ለጋሼ ቃል ገብቶ የፈረመው ሰው ነው።»

«ሶ ዋት? ወረቀት መቅደድ መግደል ነው?» አለ ብሩኪ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ይህን ድንጋይ ፖሊስ የበር ማስደገፊያ አለው። አይፈረድበትም፤ ባገሩ እንዲህ ያለ ነገር የለም። በእኛ ግን ከባድ በደል የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የተበደለው ሰው እግር ሥር ይወድቃል። ተበዳዩ ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። ከወንበሩ ፊት የተቀመጠው ለዚህ ነው። ገዳዩን ስፈልግ ጨካኝ አልፈለግኩም። የተጸጸተ ሰው ነው የፈለግኩት።»

ዙሌይካ ወደ ፈራሚዎቹ ዞረች።

«ብሩኪ ይቅርታ ለምን እንደሚጠየቅ አያውቅም፤ ጠዋቱንም ከኣቡበከር ጋር ወደብ ነበር። ሃርነት ሱቅ ነበረች። ሦስቱም ቃል አልገቡም። ድንጋዩ ሥር ያለው ፍቅፋቂ ከአንድ ጽጌረዳ መደብ የመጣ ነው። መደቡ ላይ የጎደለው ቦታ ልኩ ይኸው ነው።» «ጋሽ ክንፉ፣ እባክዎ ሻርፑን ያውልቁት።»

አቶ ክንፉ አወለቁት። ማጅራታቸው ላይ የተላጠ ቁስል ነበር። ወይዘሮ መሠረት አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«የቻቱን መልእክት ሳነብ ሌሊቱን አልተኛሁም» አሉ አቶ ክንፉ። «ሲነጋ ድንጋዩን ይዤ መጣሁ። ደረጃውን ተሸክሜው ወጣሁ፤ እግሩ ሥር ወደቅኩ። ባስልኤል ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? "ክንፉ ተነሣ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" አለኝ። ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደልኝ።»

«ይቅር ብለዎት?» አለ ኣቡበከር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

«ይቅር ብሎኝ። "ወረቀቱን ግን አነበዋለሁ። ይቅርታ ሌላ፣ ታሪክ ሌላ" አለ። እኔን፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት! ነጥቄው ወጣሁ። ጫማው እየወለቀ ተከተለኝ፣ እጅጌዬን ያዘኝ። አስለቀቅኩት። ወደቀ።»

«እንግዲያው አደጋ ነው» አለች ሃርነት በልመና ድምፅ።

«አይደለም» አለች ዙሌይካ። «የአስከሬን ምርመራው ከወደቁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ ይላል። አምቡላንስ ከመጥራት የሚከለክል ማንም አልነበረም።»

አቶ ክንፉ ፊታቸውን ሸፈኑ። «ስሜን ጠራኝ። "ክንፉ" አለኝ። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ሰምቶ ያባረረኝ መሰለኝ፤ በላዩ ተራምጄ ወጣሁ። የሃርነት ስልክ ሲጠራ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ።» ከደረት ኪሳቸው ጥጉ የተቀደደ ወረቀት አወጡ። «ልቀደው ብዬ አቃተኝ።»

ሃርነት ተቀብላ አነበበችው። «ለወንድሜ ባስልኤል። ይህ ቤት እስካለ ክፍልህን ማንም አይነካውም። አንተን የነካ እኔን ነካ። ክንፉ።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?» አለች ዙሌይካ፤ መልሱን ግን ታውቀው ነበር።

«ብሩኪ ማኅበሩን እከፍላለሁ ሲል ፈራሁ። ለሰላም ብዬ ነው።»

ፖሊሱ ተነሣ። አቶ ክንፉ በወንበሩ በኩል ሲያልፉ ድንጋዩን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ። ፖሊሱ ትከሻቸውን ያዘና፣ ማስረጃ ስለሆነ እንዳይነኩት ነገራቸው።

«አንድ ጊዜ ብቻ...» አሉ።

«ማን ያወርድልዎታል ጋሼ?» አለች ዙሌይካ በቀስታ። ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያም አንገታቸውን ደፍተው ደረጃውን ወረዱ። ወይዘሮ መሠረት የባላቸውን ሻርፕ ከወለሉ አንሥተው ተከተሉ።

ዙሌይካ ከጋሽ ባስልኤል ጠረጴዛ ባዶ ካርድ አንሥታ ጻፈችበት። ከሙኒኩ ካርድ ሥር ስትሰካው ኣቡበከር ጮክ ብሎ አነበበው። «ዙሌይካ። ለሰላም ሲሉ ይተዉት ብላ ስልኩን ዘጋች።» ከዚያም ጎኗ መጥቶ ቆመ።

ብሩኪ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሁላችንም አዝነናል። ሰኞ ግን ኮንቴይነር ይገባብኛል። ክፍሉ...»

«አይሆንም» አለ ኣቡበከር። «ዕቃህን ሌላ ሾፌር ይጫንልህ።»

«ኣቡበከር፣ ሳይን አድርገሃል እኮ!»

«ፊርማዬን አንሥቻለሁ።»

«እኔም» አለች ሃርነት። ቁልፉን ከበሩ ነቅላ ጨበጠችው። «ፓርኪንጉንም ምድር ቤቱንም ትለቃለህ።»

ብሩኪ አንዱን ካንዱ ሲያይ ቆየና ሜትሩን ኪሱ ከቶ ወጣ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ሦስቱም እርስ በርስ መተያየት አፈሩ።

«ባለፈው ሳምንት ብንለው ኖሮ እኮ...» አለች ሃርነት፤ ሳትጨርሰው ጋሽ ባስልኤል ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።