መሃል ላይ ያለችው

ልጆቼ፣ ይህ ተረት አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው።

ጨለማ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ለቡ ያለው ቤታችን ፀሐይ ሞልቶበት ነበር። ጎረቤት የሚሠራው ፎቅ ላይ ብረት ይቆርጣሉ።

አሁን እዚያ የለንም። እኔና የልጅ ልጄ ሲና ነፋስ ስልክ፣ እህቴ ዘነቡ ቤት ተጠግተናል። ይህንንም የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኙ ጄሶ ውስጥ ነው።

ሲናን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ትልቅ ሰው ሆናም ቅዳሜ ቅዳሜ ሹሩባ የምሠራላት እኔው ነኝ። ታክሲ ይዛ ትንሽ ከዘገየች በር ላይ ወጥቼ እጠብቃታለሁ።

ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ነው። የዚያን ቀን ጸጋአብ የሚባለው የሥራ ባልደረባዋ መጥቶ ክፍሏ ውስጥ አብረው ይሠራሉ። ሻይ ይዤላቸው ገባሁና ምን እንደሚሠሩ ጠየቅኳቸው።

"እምዬ፣ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም መጀመሪያ የሚያነብ አንባቢ አለ። ፓርሰር እንለዋለን። አሮጌውን የሠራው ጸጋአብ ነው። አሁን አዲስ መጣ። ሌሎቹ መሣሪያዎች ግን የለመዱት የአሮጌውን አነጋገር ነው።"

"እና?"

"እና መሃላቸው የምትቆም አንዲት ፕሮግራም ሠራሁ። አዲሱ የሚለውን ተቀብላ፣ በአሮጌው አነጋገር ትመልሳለች። አሮጌው እንደሄደ ማንም አያውቅም።"

ነገሩ አልጣመኝም።

"የሄደውን መስላ ታወራለች ነው የምትዪኝ?"

ጸጋአብ ሳቀ። "እኔን ጡረታ አወጡኝ እማማ። ድምፄን ግን አስቀሩት።"

"ታዲያ ከአሮጌው በምን ትለዩአታላችሁ?"

"ሁለቱንም አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸዋለን" አለች ሲና። "መሃል ላይ ያለችው የተማረችውን አትስትም። ያልተማረችውን ስትጠየቅ ግን አላውቅም ማለት አትችልም። የመጨረሻ መልሷን ትደግማለች።"

ጸጋአብ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የትናንቱን ንገሪያቸው እንጂ።"

"ተው ጸጌ።"

"ባዶ ገጽ ሰጠናት እማማ። ምንም ያልተጻፈበት..."

"እሺ?"

"መለሰች።"

"ምን ብላ?"

ሲና ኮምፒውተሩን ከደነችው። "ዳቦ ገዝቼ ልምጣ" ብላ ወጣች።

የግቢውን በር ዘግታ ስትሄድ በመስኮት አይቻታለሁ።

ሳሎን ቁጭ ብዬ ምስር መልቀም ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ከክፍሉ የሲና ድምፅ ተሰማ።

"ጸጌ... ዞር በል።"

መቼ ተመለሰች? በፊቴ ሳታልፍ?

ከዚያ... ድው።

ዕቃ የወደቀ አይመስልም። ሥጋ ላይ ያረፈ ነገር ነው።

ድው።

"ሲና... ሲና ምን አደረግኩሽ..." ጸጋአብ ነው። ከዚያ በኋላ ያወጣው ድምፅ ቃል አልነበረውም።

ምስሩን በትኜ ሮጥኩ። በኩሽናው በር ሳልፍ የብረቱ ዘነዘና ከሙቀጫው ውስጥ የለም።

የክፍሉ በር ከውስጥ ተቆልፏል።

"ሲና፣ ክፈቺ።"

"ምንም አልሆነም እምዬ" አለችኝ። ረጋ ብላ።

ድው።

ከበሩ ሥር ደም ቀስ ብሎ መጣ። ነጠላ ጫማዬ ሥር ገባ።

ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ።

ሲና።

"እምዬ፣ ዳቦ ቤቱ ወረፋ ነው። ስኳርም ልያዝ?"

አንዷ በስልክ... አንዷ ከበሩ ጀርባ። ልጄ ውስጥ ያለችው ከሆነች፣ አንድ ነገር ይዟታል፤ መድረስ አለብኝ። ልጄ ውጭ ያለችው ከሆነች ደግሞ፣ ይህን በር መክፈት የለብኝም።

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ በሩ ላይ አስጠጋሁት።

"ትንሽ ሆነሽ ከምን ላይ ወደቅሽ?"

"ከኮኩ ዛፍ። ወጌሻ ጋ ወሰድሽኝ።"

ሁለቱም ናቸው። እኩል። በአንድ ትንፋሽ።

ሲና ያለችኝ ትዝ አለኝ። ማንም ያላስተማራትን መጠየቅ አለብኝ።

"ዛሬ ጠዋት... በልቤ ምን ብዬ ጸለይኩ?"

ከስልኩ... "እኔ በምን አውቃለሁ እምዬ? ደህና አይደለሽም እንዴ?"

ከበሩ ጀርባ...

"ከኮኩ ዛፍ። ወጌሻ ጋ ወሰድሽኝ።"

"ሲና፣ ብቻሽን እንዳትመጪ" አልኩ በሹክሹክታ። "ሰው ይዘሽ ነይ።"

የሰማችኝ ግን ሲና ብቻ አልነበረችም።

ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከለቀቅኩ ትወጣለች፤ ከወጣች ልጄን መንገድ ላይ ታገኛታለች። እግሬን ግድግዳው ላይ ተክዬ ጎተትኩ። በሩ ስስ እንጨት ነው። ዘነዘናው በስቶት ወጣና ቀኝ እጄ ላይ አረፈ። አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። አለቀቅኩም። ደገመኝ። አለቀቅኩም።

ከዚያ... ጸጥ።

ሲና ከጎረቤት ግንባታ ሠራተኞች ይዛ ደረሰች። የግንባታው ዘበኛ ለታ ገፍቶ ገባ። መስኮቱ በብረት የታጠረ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጸጋአብ ብቻ ነበር።

መንጋጋው ወደ ጎን ሄዷል። ጥርሶቹ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። አንድ ዓይኑ ግን ያያል። ሲና ዳቦውን እንዳቀፈች ስትጠጋው፣ ግድግዳው እስኪያግደው ድረስ በተረከዙ እየገፋ ሸሻት።

ዳቦ ቤት የነበሩ ሰዎች መሰከሩላት። ፖሊሶች ዘነዘናውን በላስቲክ ጠቅልለው ወሰዱ። ጸጋአብ በሕይወት አለ፤ መንጋጋው ታስሮ ተኝቷል። የሲና ስም ሲጠራ ያለቅሳል። ሲና ያቺን መሃል ላይ ያለችውን ዓይኔ እያየ ከኮምፒውተሩ አጠፋቻት።

ጠፋች ብዬ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ልብስና ዕቃችንን ልናመጣ ተመለስን። አሁንም ቀን ነው፤ ፀሐይ ነው። እኔ ኩሽና ሆኜ በግራ እጄ ሳህን እጠቀልላለሁ። ከክፍሉ ሲና ስታወራ ሰማኋት።

"ቀስ እምዬ... አጠበቅሽብኝ።"

እኔ አልተናገርኩም። አጠገቧም አልነበርኩም።

ሄድኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ግማሹ ጸጉሯ ተሠርቷል። ቀጫጭን፣ ከጆሮዋ ጀርባ የሚታጠፍ... የእኔ ሹሩባ። ሌላ ሰው እንደዚያ አይሠራም።

ፖሊስ የወሰደው ዘነዘና ከዱካው ሥር ተኝቷል።

"እጅሽ ቶሎ ዳነ" አለች ሳትዞር። ከዚያ ትከሻዋ ሲደርቅ አየሁ። ነቅታለች። ጉልበቷን ጨምድዳ፣ ቀስ ብላ ጠየቀች።

"እምዬ... ዛሬ ጠዋት ምን ብለሽ ጸለይሽ?"

ከአናቷ በላይ፣ በእኔ ድምፅ...

"ከኮኩ ዛፍ። ወጌሻ ጋ ወሰድሽኝ።"

እንዴት ጎትቼ እንዳወጣኋት አላውቅም። የቀሚሷ እጅጌ ተቀዶ እጄ ላይ ቀርቷል። ዘነቡ ቤት እንደደረስን ሹሩባውን አንድ በአንድ ፈታነው። ማታ አጠገቤ አስተኛኋት፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፍኩ።

ዛሬ ስንነሳ ጸጉሯ እስከ መጨረሻው ተሠርቶ አገኘነው።

እሷ መስታወት ፍለጋ ስትወጣ እጄን አየሁ። ከጄሶው የወጡት ጣቶቼ እስካሁን አይታጠፉም፤ ሐኪሙም ገና ነው ብሎኛል።

የጸጉር ቅባት ነበረባቸው። በመካከላቸውም የሲና ጸጉር... ተጠምጥሞ።