የአርባ ሦስት ፖስታ ምስክር

ካርዱ ከቅርጫቱ የወጣው በአምስተኛ ተራ ነው።

ዋረን ፔልኪ ሳያነበው አወቀው። የቀኝ ጥጉ ታጥፏል። የተጻፈበት ቀለም አረንጓዴ ነው።



የማርተን ፎልስ ከተማ የዘማቾች አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። አርብ ነው፤ ዓሣ ተጠብሷል፤ ምርጫው ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ድንችና ጎመኑን እየጎረሰ የዋረንን አፍ ያያል። ሰዉ ጥያቄውን በካርድ ጽፎ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፤ ዋረን እያወጣ ይመልሳል፤ የከተማዋ ሬዲዮ በቀጥታ ያስተላልፋል። «ዋረንን ጠይቁ» ይባላል ፕሮግራሙ። በፖለቲካ የተኳረፉ ባልና ሚስት ሳይቀሩ የሚታረቁት በእሱ መልስ ነው።

ዋረን ፔልኪ የሚባል ሰው ግን የለም። ባሕር ማዶ ባለው የስለላ ማዕከል መዝገብ ላይ ስሙ ጨው ነው። ወደ አሜሪካዋ ዊስኮንሲን የገባው ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሞተ ሕፃን የልደት ወረቀት ነው።

ካርዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ሁለቱ እጩዎች እኩል የወኪል መራጮች (ኤሌክቶራል ኮሌጅ) ድምፅ ቢያገኙ ፕሬዚዳንቱን ማን ይመርጣል?»

ትርጉሙ፦ አሁኑኑ ውጣ፤ እጠብቅሃለሁ።

የታጠፈው ጥግ ለማረጋገጫ የተጨመረው በሁለተኛው ዓመት ነበር። አንድ ላም አርቢ ይህንኑ ጥያቄ ለራሱ ብሎ ጠይቆ፣ ዋረን ያኔ ወደነበረው መገናኛ ቦታ በበረዶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነድቶ ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሟል።

«ይህን ጥያቄ ስወደው!» አለ ዋረን። ይህ ደግሞ «ደርሶኛል» ማለት ነው። «የታችኛው ምክር ቤት ይመርጣል። ግን አባላቱ በነፍስ ወከፍ ድምፅ አይሰጡም። ለአንድ ክፍለ ግዛት አንድ ድምፅ ነው። እኛም አንድ፣ ካሊፎርኒያም አንድ።»

«እሱ ነው ፍርድ ማለት!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ከፊት ረድፍ ሎሬን ቫንደሃይ ሹካዋን አነሳችበት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ናት። «ቶሎ በል እንጂ ልጄ፣ የኔን ካርድ ሳታወጣ ዓሣው ሊያልቅብህ ነው።»

«አሥር ደቂቃ እረፍት» አለ ዋረን። በወጥ ቤቱ በር ወጣ።

ግራጫ መኪና ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ቆማለች። ሞተሩ አልጠፋም። ውስጥ ያለችው ሴት እንደ አገሬው ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ የኳስ ቡድን ኮፍያ አድርጋለች። እውነተኛ ስሟን አያውቅም። አለቃው ናት፤ አክስት ነው የሚላት። ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጨው።»

«አክስት። ምን ተፈጠረ?»

«የተከተለህ አለ?»

«የለም።»

«ተልዕኮህ አብቅቷል። ማክሰኞ ማታ ትወጣለህ።» የታሸገ ፖስታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። አዲስ ፓስፖርት፣ የአውቶቡስ ቲኬት።

«የቱ ተልዕኮ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥያቄ ከመመለስ በቀር ያዘዛችሁኝ ነገር የለም።»

«አንድ ቀን ሐሰት ተናግረህ ታውቃለህ? በሬዲዮው ላይ?»

«አላውቅም።»

«ለዚህ ነው የላክንህ።» ከዚያ ጓንቷን እያወለቀች «አርባ ሦስት» አለች።

ገባው። 

በዊስኮንሲን በፖስታ የሚመርጥ ሰው ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሩ ለአካለ መጠን የደረሰ ዜጋ መሆን አለበት፤ በፖስታው ላይ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ይፈርማል። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ምስክር ከየት ያመጣሉ? ዋረንን ይጠሩታል። እሱም ይሄዳል። ቡና ይጠጣል፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ይሰማል፣ ይፈርማል። ሲፈርም ሰላይነቱ ትዝ ብሎት አያውቅም። ጎረቤት ነበር። ይባስ ብሎ፣ ደግ ሕዝብ መሆናቸውን ለማሳየት ቁጥሩን ሳይቀር በሪፖርቱ ጽፎ ለማዕከሉ ልኳል።

ሞኝ!

«ረቡዕ ጠዋት ማንነትህ ለጋዜጦች ይደርሳል» አለች አክስት። «አርባ ሦስት ድምፅ፣ ምስክሩ የሌለ ሰው። ባለፈው ጊዜ የዚህ ወረዳ የምክር ቤት ወንበር የተወሰነው በሃያ ሰባት ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ እዚህ አገር ቆጠራ የሚያምን ይኖራል?»

«ሰዎቹ ምን አጠፉ?»

«ምንም።»

«ለፖሊስ እጄን ብሰጥስ?»

«ፖስታዎቹን ማስረጃ ብለው ያሽጓቸዋል። እስከ ማክሰኞ አይፈቱም። ያው ነው።»

በሩን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። «ለምን ዛሬ ነገርሽኝ? ረቡዕ በዜና ብሰማው ምን ነበረበት?»

አክስት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። አሳዘንከኝ።»

አመናት።

ወደ አዳራሹ ሲመለስ ከእረፍቱ አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የከተማዋን ጸሐፊ ዶሪን ክሊንክን ቢራ መቅጃው ጋ አገኛት። የምርጫ ፖስታዎቹ ያሉት በእሷ ቢሮ፣ በእሷ ቁልፍ ነው። እውነቱን ይነግራታል። ሌላ መንገድ አልታየውም።

«ዶሪን፣ እኔ የፈረምኩባቸው ፖስታዎች ችግር አለባቸው።»

«ምን ሆኑ?»

«ምስክር መሆን አልችልም። ዜጋ አይደለሁም።»

ዶሪን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ቢራዋ በአፍንጫዋ እስኪወጣ ሳቀች።

«አንተ ዜጋ ካልሆንክ እኔም ላም ነኝ! ኧረ ስሙት ይሄን ሰውዬ! ሕገ መንግሥቱን በቃሉ የሚወጣ ሰው ዜጋ አይደለሁም ይላል!»

«የምሬን ነው።»

«ሂድ ከዚህ! ብራንዲ አብዝተሃል መሰለኝ።»

በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ። አንዱ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ዋረንም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመው እምነት አሁን እውነቱን አላስገባ አለ።

ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ። ከዚያ በር ላይ አክስትን አያት። ዓሣ በወረቀት ሳህን ይዛ ቆማለች።

ትሰማለች።

ትስማ። እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚያምኑ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ትልቅ ክፋት አያምኑም። ትንሽ ስህተት ያምናሉ።

«ከጥያቄው በፊት» አለ፣ «አንድ ነገር ልናዘዝ። ተሳስቻለሁ።»

ሰዉ ሹካውን አስቀመጠ። ዋረን ተሳስቶ አያውቅማ።

«ካለፈው ወር ጀምሮ ጣራዬ እያፈሰሰ የማድረው ሬዲዮ ጣቢያው ጓዳ ውስጥ ነው። በፖስታዎቻችሁ ላይ ግን በልማድ የቤቴን አድራሻ ጻፍኩ። አድራሻው ትክክል ያልሆነ ምስክር ድምፃችሁን ሊያስጥልባችሁ ይችላል። ዶሪን ጋ ሂዱ፤ ፖስታችሁን አስወጡ፤ የእኔን ስም ሰርዙና ሌላ ሰው አስፈርሙ። እባካችሁ። አርባ ሦስታችሁም።»

 ፉጨትና ጫጫታ ሆነ።

«እኛን ስታስተምር የራስህን ቤት ረሳህ!»

«ጓዳ ነው የምታድረው? ምነው፣ ማን አባረረህ?»

ሳቁበት። ተረቡት። አመኑት። ዋረን ደስ አለው፤ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ያለው ቀን ትዝ አይለውም። ቀና ሲል አክስት በሩ ላይ አልነበረችም። ሳህኗን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ትታ ሄዳለች። ዓሣውን አልነካችውም።

ቅዳሜም ሰኞም አላረፈም። መሄድ የማይችለውን በመኪናው አመላለሰ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን ገፋ። ዶሪን እያጉረመረመች ፖስታ አወጣች፤ የጸጉር ቤቷ ባለቤትና የመንገድ ጠራጊው በምስክርነት ፈረሙ። አርባ ሁለት ሞላ።

የመጨረሻዋ ሎሬን ነበረች። ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ውስጥ ቀበቶዋን እያሰረላት፣ እጁን ያዘችው።

«ጣራህ አያፈስም።»

ዋረን ቀና ብሎ አያት።

«መብራትህን በየማታው አየዋለሁ። የምታድረው ቤትህ ነው።»

«ሎሬን...»

«አንተ ዝም በል። ለምን እንደዋሸህ አልጠይቅህም። ሳይቸግርህ አትዋሽም። ፈርሚ ካልከኝ እፈርማለሁ፤ አስፈርሚ ካልከኝ አስፈርማለሁ።» መሐረቧን አወጣች። «ብቻ አገር ጥለህ የምትሄድ ከሆነ ድመትህን ለማን እንደምትተዋት ንገረኝ።»

«ለእርስዎ» አለ። 

ማክሰኞ ማታ የምርጫ ጣቢያዎቹ ሲዘጉ አውቶቡስ ውስጥ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ አርብ። ሦስት ከተማ፣ ሦስት አውቶቡስ። ጢሙን አሳደገ። ስልኩን ወንዝ ውስጥ ወረወረ፤ በሌላ ከተማ ሌላ ገዛ፤ ዜና ግን አልከፈተም።

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የደቡብ ከተማ የልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀምጦ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ያያል። ፎቶው ወጣ። የጠበቀው ነው።

ያልጠበቀው ድምፁን ነበር።

«የእኔን ስም ሰርዙና ሌላ ሰው አስፈርሙ። እባካችሁ። አርባ ሦስታችሁም።»

ዜና አንባቢው ቀጠለ። የውጭ ሰላይ ከምርጫው በፊት በቀጥታ ስርጭት ትእዛዝ ሰጠ። አርባ ሦስት መራጮች በሁለት ቀን ውስጥ ትእዛዙን ፈጸሙ። ሰላዩ ራሱ በመኪናው አመላለሳቸው። የወንበሩ ልዩነት አሥራ ዘጠኝ ድምፅ ነው። ጉዳዩን የያዙት ዳኛ አርባ ሦስቱ ድምፆች እንዲታገዱ አዘዋል። የከተማዋ ጸሐፊ ከሥራ ታግደዋል።

አሁን ሁሉም ገባው። ለምን አርብ እንደነገረችው። ስልክ መደወል ስትችል ለምን በሬዲዮ ዝግጅት መሐል እንደመጣች። ለምን ዓሣውን ሳትነካ እንደሄደች። ዝም ብሎ ቢጠፋ ኖሮ አርባ ሦስት የተታለሉ አዛውንቶች ነበሩ፤ ሰው ያዝንላቸው ነበር። አሁን አርባ ሦስት ግብረ አበሮች ናቸው። ማዕከሉ ያስፈለገው ውሸቱ አልነበረም። ደግነቱ ነበር። አክስት ዘጠኝ ዓመት ስታጠናው የኖረችው ያንን ነው።

ተልዕኮው ተፈጽሟል። በገዛ እጁ።

ቀጥሎ ሎሬን በቴሌቪዥኑ ታየች። ከፖሊስ ጣቢያ ደረጃ ላይ በሁለት ሰው ተደግፋ ትወርዳለች። ለአራት ሰዓት ተጠይቃለች። ዋረን እንደሚዋሽ ታውቅ እንደነበር ስትጠየቅ «አዎ፣ አውቅ ነበር» ብላለች። ሎሬን መዋሸት አትችልም።

ዋረን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። ንጹሕ ናቸው ብሎ ሊምል ይችላል። የሰላይ ምስክርነት ማንን ያድናል? በእያንዳንዷ ቃሉ ይበልጥ ያስራቸዋል። እጁን ቢሰጥም፣ ቢሞትም፣ ዝም ቢልም ያው ነው። ማድረግ የሚችለው አንድም ነገር የለም።

በስልኩ የማርተን ፎልስን ሬዲዮ ከፈተ። የጥያቄ ሰዓት ነው። በእሱ ቦታ የተቀመጠችው የአየር ጠባይ የምታነበው ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

«ቀጣይ ደዋያችን ሎሬን ናቸው። ይቀጥሉ።»

«ጥያቄዬ አጭር ነው» አለ የሚያውቀው ድምፅ። ደክሟል። «ሁለተኛ ያስፈረምኳት ምስክሬ ጸጉር ሠሪዋ ናት። እውነተኛ ሰው ናት፤ ጸጉሬን ትሠራኛለች። ታዲያ የኔ ድምፅ አለ ወይስ የለም? ዋረን ቢኖር ይነግረኝ ነበር።»

ልጅቷ ወረቀት አገላበጠች። «ይቅርታ፣ ሎሬን። እኔ አላውቅም። የሚያውቅ አድማጭ ካለ ይደውልልን።»

ዋረን መልሱን ያውቀዋል። የዳኛው እግድ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ይግባኝ ማለት ይቻላል። የጊዜ ገደቡን ያውቃል፤ ቅጹን ያውቃል፤ ቅጹ የት ቢሮ እንደሚገኝ ያውቃል። ሎሬን ልትሰማው የምትችለው ሙሉ መልስ ምላሱ ላይ ነው።

ደወለ።

ሁለቴ ጠራ። ተነሳ።

«ሃሎ፣ ለፕሮግራሙ ነው? መልሱን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ተመስገን! ቶሎ ላስገባዎት። ስምዎን ማን ልበል? ከየት ነው የሚደውሉት?»

አፉን ከፈተ። ዋረን ብሎ መናገር አይችልም። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከተናገረው ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። አዲሱን ገና አላጠናውም፤ ለማየት ፓስፖርቱን ከኪሱ ማውጣት ሊኖርበት ነው።

«ሃሎ? ስምዎን?»

ስልኩን ዘጋ።

ማሽኑ ቆሟል። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት «ያንተ ነው የጨረሰው» አለችው። አመሰገናት። ሦስቱን ሸሚዞች አውጥቶ አጣጠፈ፣ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ፣ በሩን ለምትገባ እናት ይዞላት ወጣ።