ያልገማው በርሜል

ኅዳር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የወንድሜን የጓሮ ክፍል በር ከፈትኩ። ዓርብ ዕለት ለአክስታችን ልጅ ለቅሶ ዲጋ ስሄድ ወንድሜ ነገራ መኪና መሳፈሪያው ድረስ ሸኝቶኝ፣ «ድርቤ፣ እሑድ ካልተመለስሽ ዶሮዎችሽን እበላቸዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ስመለስ ዶሮዎቹ እህል የሚበትንላቸው ሰው አጥተው ግቢውን በጩኸት ሞልተውታል።

ወንድሜ ከትልቁ በርሜል ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ጆሮ ግንዱ ላይ ደም ደርቋል፤ አንድ ጫማው ወልቆ ራቅ ብሎ ወድቋል። ያንን ክፍል ስንት ጊዜ ከሰው ዓይን ስንደብቅ ኖረን፣ ያን ጠዋት እኔው በሩን ወለል አድርጌ ትቼ «ያ ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜን!» እያልኩ ወደ መንገዱ ሮጥኩ።

ክፍሉን የደበቅነው በሐሺሹ ምክንያት ነው። ነገራ የቡና ችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። እናታችን ወርቂቱ በካንሰር ስትሰቃይ፣ ጤና ጣቢያው ከአስፕሪን ሌላ የሚሰጣት ባጣ ጊዜ፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ዘሩን አመጣለት። ነገራ ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ አንሥቶ በላስቲክ ተካ፤ መስኮቱን በጆንያ ደፈነ፤ በአሮጌ የዘይት ጣሳዎች ተከለው። ቅጠሉን በወተት አፍልቶ ሲያጠጣት እናታችን ተኛች። እሱ ግን በሯ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሿን ሲያዳምጥ አደረ። እሷ ካረፈች በኋላ ሊነቅለው ሲል ጎረቤታችን ጋሽ ገብረኪዳን በጉሮሮ ካንሰር ወደቁ። የእናታችንን የሬሳ ሣጥን የሠሩት አናጢ እሳቸው ናቸው። ነገራ አልነቀለውም።

ለተክሎቹ የፋብሪካ ማዳበሪያ አስነክቷቸው አያውቅም። የበሰለ ብስባሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፍና፣ ከጠጅ ቤት የሚያመጣውን ማር ማር የሚል የሰፈፍ እጣቢ ለምግቡ ጠብ አድርጎበት፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በረጅም ማማሰያ ያማስለዋል። «የብስባሽ ሻይ» ይለዋል። «ይሄ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ አየር ካልሰጠሽው ታፍኖ ይሞታል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። የተማሰለ እንደሆነ የመጀመሪያ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል፤ አንድ ቀን ከተረሳ ግን የሞተ ውሻ ነው።

በጩኸቴ ቀድማ የደረሰችው የጋሽ ገብረኪዳን ሚስት እቴቴ ሐረግወይን ናት። እንደ አገሯ እንደ ወሎ ደረቷን እየደቃች «ወንድምዓለም! ወንድምዓለም!» አለች። በሩ ላይ ግን ቆመች፤ አልገባችም። ቀጥሎ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መገርሳ ጠመንጃ ካነገቱ ጥበቃዎች ጋር መጣ። በመጨረሻ የፖሊስ መቶ አለቃ ሞረዳ ባቻ ደረሰ።

ሞረዳ አጭር ሰው ነው፤ አፍንጫው ግን ትልቅ ነው። ከተማው «ሞረዳ ሳይገባ አፍንጫው ይገባል» እያለ ይቀልድበታል። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ነቀነቀልኝና በሩ ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ አሸተተ።

«ጓድ መቶ አለቃ» አለ መገርሳ፣ «ይሄ ቤት ሰሞኑን ሽታ ሽታ ይለኝ ነበር። ዛሬ ልፈትሽ አስቤ ነበር፤ ለራሱም ቅዳሜ ጠዋት ነግሬዋለሁ።»

«ፍተሻ ለሚፈተሸው ሰው ይነገራል እንዴ?»

«ጎረቤት ነዋ! ምን ላድርግ?» አለ መገርሳ፤ ወዲያው ድምፁን አጠነከረ። «ገዳዩማ ታውቋል። ተረፋ ነው፣ የሥራ ባልደረባው። ቅዳሜ ቀትር ላይ እዚሁ ሲጯጯሁ መንደሩ ሰምቷል። አሁን ከመንገድ አስይዤዋለሁ፤ ረቡዕ ጠዋት ወደ በላይ አካል ይተላለፋል። የሐሺሽ ነጋዴ፣ ነፍሰ ገዳይ፣ ፀረ አብዮት፤ ሦስቱም ባንድ ሰው!»

በዚያ ዘመን ወደ በላይ አካል የተላለፈ ሰው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የወንድሜ ሬሳ ሳይነሣ ሌላ ሰው ሊሞት መሆኑ ገባኝ።

ሞረዳ ተንበርክኮ የነገራን ክንድ ቀስ አድርጎ አነሣ። «ድርቀቱ እየለቀቀው ነው። ቅዳሜ ማታ ነው የሞተው።» ራሱን የመታው የበርሜሉ ክዳን ላይ የሚጫነው የወፍጮ ድንጋይ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ጸጉር ተጣብቋል። አጠገቡ ማጭድ ወድቋል። ከተክሎቹ አንዱ ከሥሩ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ግን ወለሉ ላይ የለም። ቀጥሎ ሞረዳ ከወንድሜ ራስ ሥር ያለውን የታጠፈ ጆንያ ጠቆመ።

«ድርቤ፣ ይሄን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም።»

«አዳልጦት የሚወድቅ ሰው ትራስ አያዘጋጅም። ደሙም ጆንያውን በደንብ አርሶታል። ከወደቀ በኋላ ቆይቷል ማለት ነው።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወንድሜ ወዲያው እንደሞተ አድርጌ ነበር ራሴን የማጽናናው።

ሞረዳ ወደ በርሜሉ ዞረ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ካልተማሰለ በስንት ጊዜ ይገማል?»

«በአንድ ቀን።»

«እስቲ አሽቺው።»

ጎንበስ አልኩ። የመጀመሪያ ዝናብ የመታው አፈር። አረፋው ከአፉ ገንፍሎ በጎኑ ወርዷል፤ ጠርዙን ጉንዳን ወሮታል። ሞረዳ ከጠርዙ ላይ ነጭ ፍርፋሪ በጣቱ አንሥቶ ቀመሰ።

«ስኳር!»

መገርሳ ሳቀ። «ስኳር? ስኳር በዚህ አገር ከታየ ስንት ወሩ! ዓርብ ነው የደረሰን፤ ለየቤቱ ግማሽ ግማሽ ኪሎ በእጄ አከፋፍያለሁ። ነገራ እንኳ ሰልፍ ወጥቶ ድርሻውን አልወሰደም።»

«ጥሩ። ይህን በርሜል ማንም እንዳይነካው፤ ጥበቃ ይቁምበት» አለ ሞረዳ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን በየቤቱ ከነበሩት ሰዎችና ከራሱ አንደበት ሰምቻለሁ። ያን ዕለት የዋለው ሻይ ሲጠጣ ነው።

መጀመሪያ ቀበሌው እስር ቤት ገብቶ ተረፋን አነጋገረው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ቅጠሉን ለሹፌሮች እንሽጥ አልኩት። ‹የበሽተኛ መድኃኒት ገበያ አይወጣም› ብሎ በማማሰያ አባረረኝ። በማማሰያ፣ ጌታዬ! እንደ ዶሮ!»

«ከዚያስ?»

«ተናድጄ ሲሬ ሄድኩ። ስጠጣ ሰነበትኩ። ምስክሮቼ ከእኔ የባሱ ሰካራሞች ናቸው» አለና እንባው መጣ። «ታርቄው ብሄድ ምን ነበረበት?»

«ለዚያ በርሜል ምን ያህል ስኳር ይበቃዋል?»

ተረፋ ግራ ገባው። «አንድ ማንኪያ። ከበዛበት ያብድና ገንፍሎ ይወጣል። ምነው?»

«እንዲሁ ነው። ሻይ አለ?»

«እስር ቤት?»

ሻዩን የጠጣው ተረፋ ከእናቱ ጋር በሚኖርበት ቤት ነው። አሮጊቷ የቀበሌውን ስኳር ከነከረጢቱ አውጥተው እያለቀሱ ቀዱለት። መገርሳ ቤት ደግሞ ማንኪያ የሚያቆም ሻይ ቀረበለት። «የሊቀመንበር ሻይ ይጣፍጣል» አለ ሞረዳ፤ መገርሳ ምስጋና መስሎት ደገመው።

መጨረሻ የሄደው ጋሽ ገብረኪዳን ቤት ነው። ራሳቸው በሠሩት አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም።

«ሌሊቱን እንዴት አደሩ፣ አባቴ?»

«ሁለት ሌሊት ደህና ተኝቼ ነበር፤ ያ ልጅ ይባረክ። አሁን ደግሞ ሞተ አሉኝ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እቴቴ ሐረግወይን፣ ሻይ አይጠፋም መቼም?»

«ኧረ በማርያም! ምን ገዶኝ።» አፈላች፤ ቀዳች። ሻዩ በጨው ነው።

«ስኳሩስ?»

«የት አባቱ ተገኝቶ፣ ወንድምዓለም።»

ከአልጋው ላይ ሹክሹክታው መጣ። «ሐረግ፣ ዓርብ ያመጣሽውስ?»

«አልቋል።»

ሞረዳ ጨው ያለበትን ሻይ እስከ አተላው ጠጥቶ አመሰገነ።

ማክሰኞ ነገራን ቀበርን። ከቀብር መልስ ሞረዳ እኔን፣ መገርሳን፣ ሐረግወይንንና እጁን የታሰረውን ተረፋን ወደ ጓሮው ክፍል ጠራን። በሩ ሲከፈት ሁላችንም አፍንጫችንን ያዝን። መገርሳ ዞር ብሎ ተፋ።

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ያማሰለው የለም» አለ ሞረዳ። «ይኸው ገማ። ነገራ የሞተው ቅዳሜ ማታ ነው፤ በርሜሉ ግን ሰኞ ጠዋት መልካም ሽታ ነበረው። እንግዲህ አንድ ሰው እሑድ ቀን ሙሉ ሬሳውን እየተሻገረ ሲያማስል ነበር።»

አንድ በአንድ ተመለከተን።

«ማን ነው? ነገራን የሚጠላ ሰው ነው እንዳልል፣ የሚጠላ ሰው ከራሱ ሥር ጆንያ አያነጥፍለትም። ሊሸጥ የፈለገ ነው እንዳልል፣ እንዲያ ቢሆን ሁሉንም አጭዶ በሄደ ነበር። ይህ ሰው የወሰደው የተቆረጠውን አንዱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እንዲኖሩ ይፈልጋል። ስኳሩንም ተመልከቱ። ተረፋ ሥራው ስለሆነ አንድ ማንኪያ እንደሚበቃ ያውቃል። ይህ በርሜል ግን ገንፍሏል። ሰፈፉ ሲያልቅበት ደንግጦ፣ እንዳይሞትበት ፈርቶ፣ ቤቱ ያለውን ሁሉ የገለበጠ ሰው ነው። የተረፋ ስኳር እናቱ ዘንድ አለ። የጓድ መገርሳ እስካሁን ጥርሴ ላይ አለ። ነገራ ሰልፍ አልወጣም፤ ድርቤም ዲጋ ነበረች። በጨው የጠጣሁት አንድ ቤት ብቻ ነው።»

ሐረግወይን ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። «ስኳር አለቀ ተብሎ ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም፣ እቴቴ» አለ ለስለስ ብሎ። ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ። «በርሜሉ ይደፋ።»

ጥበቃው በርሜሉን አዘንብሎ ሲይዘው ሐረግወይን ዘለለች። ነጠላዋ ወለሉ ላይ ቀረ። ማማሰያውን ከግድግዳው ላይ ነጥቃ፣ «አይደፋ! ገና አልሞተም! ቢማሰል ይመለሳል፤ ነገራ ራሱ አሳይቶኛል!» እያለች በዚያ ግማት ላይ አጎንብሳ ማማሰል ጀመረች። መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ውሃው ሲዞርላት ደግሞ ወደ ግራ፤ ልክ እንደ ወንድሜ። ማንም አላስቆማትም። ራሷ ናት የቆመችው።

«ለባሌ ለገብሬ ቅጠል ልወስድ መጣሁ» አለች፣ ማማሰያውን ሳትለቅ። «ማጭድ ይዞ አገኘሁት። ‹ሰኞ ሊፈትሹ ነው፣ እቴቴ፤ እኔስ እሺ፣ ድርቤን ምን ላድርጋት?› አለኝ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። አንዱን ቆረጠ። እጁን ያዝኩት፤ ገፋሁት። መሬቱ ርሶ ነበር፤ አዳልጦት ራሱ ድንጋዩ ላይ አረፈ።»

«ወዲያው አልሞተም» አለ ሞረዳ።

«አልሞተም።» ወደ እኔ አየች። «ጆንያውን ከራሱ ሥር አደረግኩለት። ስምሽን ጠራ። ልጮህ በሩ ድረስ ሄድኩ። ብጮህ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ቅጠሉን ያያል። ገብሬ ደግሞ ሲያቃስት እስከዚህ ይሰማኛል። በሩ ላይ ቆምኩ። አልጮህኩም።»

«እስከ ስንት ሰዓት ተነፈሰ?» አልኳት።

«እባክሽ አትጠይቂኝ።»

መገርሳ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ተረፋ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሐረግወይን እጇን ለመታሰር ዘርግታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ዛሬ ማታ ገብሬን ማን ያጠጣዋል?»

ሞረዳ ኮፍያውን አደረገ። «ጓድ መገርሳ፣ ለመንቀያው ዶማ ያስፈልገናል። ሄደን እናምጣ» አለና ጥበቃዎቹን፣ ተረፋን፣ ሐረግወይንን፣ ሁሉንም አስከትሎ ወጣ። በሩንም ከኋላው ዘጋው። አንድ ዶማ ለማምጣት ያን ያህል ሰው አያስፈልግም ነበር።

ማጭዱ እግሬ ሥር ነበር። ያቺ ሴት ወንድሜን በጆንያ ላይ አስተኝታ በሩ ላይ የቆመችበትን ቦታ አየሁ። ከግድግዳው ማዶ ጋሽ ገብረኪዳን ሲያቃስቱ ይሰማል። እውነቷን ነው፤ እስከዚህ ይሰማል።

ሲመለሱ ሞረዳ ከተክሎቹ ስንት እንደጎደለ አልጠየቀም። የቀረውን ነቅለው ግቢው ውስጥ አቃጠሉት።

ተረፋ በዚያው ማታ ተፈታ። ሐረግወይን አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደባት። ጋሽ ገብረኪዳንን ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። ወተቱን ማታ ማታ አፈላላቸው ነበር፤ ጥር 14 ቀን፣ ቅጠሉ ሳያልቅ፣ ተኝተው ሳሉ አረፉ። ሰፈራችን ሌላ አናጢ ስላልነበረው ሣጥናቸው ከሲሬ መጣ።